አማካዩ የደበቀው ምት፦ የአሜሪካ ጦር በተሽከርካሪ ውስጥ የሚደርሰውን የአከርካሪ ጉዳት ለመመዘን ያደረገው ሙከራ

በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ ጦር ሠራዊት አዲስ የተሽከርካሪ ትውልድ ታጠቀ። ኤም 1 ታንክ፣ ብራድሌይ የተባለው እግረኛ ተሸካሚ ብረት ለበስ፣ እንዲሁም በ1985 አገልግሎት መስጠት የጀመረው ሃምቪ የተባለ ባለ ጎማ የጦር መኪና ከቀደሙት ይልቅ ፈጣኖች ነበሩ። መንገድ በሌለበት ሜዳ ላይም ሳይቀር ፍጥነታቸውን ጠብቀው መጓዝ ይችሉ ነበር። ብረቱ ይህንን ጉዞ እንደሚችለው በፋብሪካ ተፈትኗል። ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ወታደር ወገብ ይችለው እንደሆነ ግን በቁጥር መመለስ የሚችል አልነበረም።

ጦሩ አዲስ መሣሪያ ከመረከቡ በፊት በተጠቃሚው ጤና ላይ የሚያስከትለውን አደጋ የሚገመግምበት አሠራር አለው። ድምፅ ይለካል፣ ጭስ ይለካል፣ ሙቀት ይለካል፤ ለእያንዳንዱም ከዚህ በላይ አይሄድም የሚባል ወሰን አለ። ተሽከርካሪው ጉድጓድ ሲገባና ከጉብታ ሲወርድ የሚሰጠው ምት ሲነሣ ግን ገምጋሚዎቹ በእጃቸው የነበረው መለኪያ ለዚህ እንዳልተሠራ ያውቁ ነበር። ጥያቄውን የያዘው በአላባማ ግዛት ፎርት ረከር የሚገኘው የጦሩ የአየር ሕክምና ምርምር ላቦራቶሪ ነው። ሥራውም በካናዳ ቫንኩቨር ከሚገኘው ቢ.ሲ. ሪሰርች ከተባለ የምርምር ተቋም ጋር በውል፣ በአምስት ምዕራፍ ተከፍሎ በ1990ዎቹ ተካሄደ። ከዚህ ሥራ የወጣው ስሌት በኋላ የዓለም አቀፍ ደረጃ መሠረት ሆኗል። ጉዳዩን ለጽሑፍ የመረጥሁት ግን ስለተሳካ ብቻ አይደለም። አንድ ቁጥር ከየት ተነሥቶ እስከ የት ድረስ እንደሚታመን ከዚህ ሥራ በተሻለ የሚያሳይ ጉዳይ አላውቅም።

የነበረው መለኪያ

የመላ ሰውነት ንዝረት የሚለካው በወንበሩና በተቀመጠው ሰው መካከል በሚቀመጥ ጠፍጣፋ የጎማ ሰሌዳ ነው። በሰሌዳው ውስጥ ያሉት ዳሳሾች ሽምጠትን፣ ማለትም ፍጥነት በየሰከንዱ የሚለወጥበትን መጠን፣ በሦስት አቅጣጫ ይመዘግባሉ፤ ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ ወደ ጎንና ወደ ጎን፣ ወደ ላይና ወደ ታች። የተለመደው ስሌት እያንዳንዱን ንባብ በራሱ ያባዛል፣ የሁሉንም አማካይ ይወስዳል፣ ከዚያም የአማካዩን ዳግም ዘር ያወጣል። ውጤቱ አንድ ቁጥር ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2002 ያወጣው መመሪያ እንኳ ለ8 ሰዓት የሥራ ቀን ርምጃ የሚጀመርበትን 0.5፣ መታለፍ የሌለበትን ደግሞ 1.15 ሜትር በሰከንድ ካሬ አድርጎ የደነገገው በዚሁ አማካይ ላይ ተመሥርቶ ነው።

ቀኑን ሙሉ ሳያቋርጥ ለሚንቀጠቀጥ ወንበር ይህ አሠራር መልካም ነው። ንዝረቱ ከሰዓት ሰዓት እምብዛም ስለማይለያይ አማካዩ እውነተኛውን ሁኔታ ይገልጻል። ሜዳ የሚያቋርጥ የጦር ተሽከርካሪ ግን እንዲህ አይሄድም። ለረጅም ጊዜ በመጠኑ ይንቀጠቀጣል፤ ከዚያ በአንድ ቅጽበት ይመታል። ምቱ የሰከንድ ትንሽ ክፍልፋይ ስለሆነ በሰዓታት ላይ ሲከፋፈል ሟሙቶ ይጠፋል። መለኪያው ራሱ ይህን ያምናል፤ በ1997 የወጣው አይ ኤስ ኦ 2631 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ክፍል 1 ከፍተኛው ንባብ የአማካዩን 9 እጥፍ ካለፈ አማካዩ ብቻውን አደጋውን አሳንሶ ሊያሳይ እንደሚችል ገልጾ ተጨማሪ ስሌት እንዲሠራ ይመክራል።

ከተጨማሪዎቹ ስሌቶች አንዱ የንዝረት መጠን ድምር የሚባለው ነው። ንባቡን በካሬ ፋንታ በአራተኛ ርቢ ያሰላል፤ ስለዚህ ትልልቅ ምቶች ጎልተው ይታያሉ። ይህ ትልቅ ርምጃ ነበር። ሆኖም አራተኛ ርቢ የተመረጠው በአብዛኛው ሰዎች ስለ ምቾትና አለመመቸት ከሰጡት ምላሽ ተነሥቶ ነው። አጥንት መቼ እንደሚሰነጠቅ የሚናገር አልነበረም።

ስለ አጥንት የሚናገር ስሌት በሌላ ዘርፍ ነበር። ከአውሮፕላን በፈንጂ ተወንጭፎ የሚወጣ ወንበር አብራሪውን ከታች ወደ ላይ በኃይል ስለሚገፋ የአከርካሪ ስብራት የተለመደ አደጋ ነበርና፣ የአየር ኃይል መሐንዲሶች ገላን በአንድ ክብደት፣ በአንድ ሞላና ውዝዋዜን በሚያረግብ አንድ ማብረጃ መስለው አሰሉት። ሞላው በሰከንድ 8.4 ጊዜ ያህል ይወዛወዛል። ከዚህ ስሌት የሚወጣው ቁጥር 18 ሲደርስ 5 በመቶ ያህል የስብራት ዕድል እንዳለ ይቆጠር ነበር። ነገር ግን አብራሪ ከአውሮፕላን የሚወነጨፈው ምናልባት በሕይወቱ አንድ ጊዜ ነው። የታንክ ነጂ በአንድ ከሰዓት በኋላ ልምምድ ብቻ በመቶዎች የሚቆጠሩ ምቶች ይቀበላል፤ አንዳቸውም ለብቻቸው አጥንት አይሰብሩም።

በወገብ ውስጥ የሚሆነው

የፊት ጎማ ጠርዝ ዘሎ ሲወርድ መጀመሪያ የሚሆነው የወንበሩ መውረድ ነው። ወንበሩ ወደ ታች የሚሄድበት ሽምጠት ከመሬት ስበት፣ ማለትም ከ9.81 ሜትር በሰከንድ ካሬ ከበለጠ ሰውየው አብሮት መውረድ አይችልም፤ ከትራሱ ይለያል፤ በዚያች ቅጽበት ሰሌዳው ላይ ማንም አልተቀመጠም። ቀጥሎ ተሽከርካሪው መሬት ይነካና ወንበሩ ተመልሶ ወደ ላይ ይመጣል፤ ሰውየው ደግሞ ገና እየወረደ ነው። ሲገናኙ ስፖንጁ ተጨምቆ ያልቃል፤ ከስሩ ያለው ብረት ይቀበለዋል። ዳሌው ይቆማል፤ ደረትና ራስ ግን መውረዳቸውን ገና አልጨረሱም። በመካከል ያሉት አምስቱ የወገብ አከርካሪ አጥንቶች የላይኛውን ሸክም ይሸከማሉ።

መጀመሪያ የሚጎዳው ብዙ ሰው እንደሚያስበው ዲስኩ፣ ማለትም በአጥንቶቹ መካከል ያለው ለስላሳ ትራስ፣ አይደለም፤ አጥንቱን ከዲስኩ የሚለየው ስስ ሽፋን ነው። በዕድሜ የበሰለ ሰው ዲስክ የደም ሥር የለውም፤ ምግቡን የሚያገኘው በዚሁ ሽፋን በኩል እየሰረገ ነው። ሽፋኑ ላይ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ይወጣል፣ ይድናል፣ ጠባሳ ይሆናል፤ ጠባሳው ምግብ ያሳንሳል። ነጂው በዕለቱ ምንም ላይሰማው ይችላል። ሽቦን ደጋግመው ሲያጥፉት ከቆይታ በኋላ በአንድ ቀላል እጥፋት እንደሚበጠስ ሁሉ አጥንትም በተደጋጋሚ ጫና ይደክማል፤ በአንድ ጊዜ ሊሰብረው ከሚችለው ጫና በጣም ባነሰ ጫና ይሰነጠቃል። በብረት ላይ ይህንን ድካም ደምሮ የማስላት ዘዴ በ1924 በፓልምግሬን፣ በ1945 ደግሞ በማይነር ታትሟል። ተመራማሪዎቹ ይህንን የመሐንዲስ ዘዴ ወደ ሰው ወገብ ለማምጣት ወሰኑ። እኔ የሥራው ዋና ብልህነት እዚህ ላይ ይመስለኛል። ጥያቄው ምን ያህል ተንቀጠቀጠ መሆኑ ቀርቶ አጥንቱ ምን ያህል ደከመ ሆነ።

ማንንም ሳይጎዱ ጉዳትን መለካት

ቀጥሎ የመጣው ችግር ከሁሉ የከበደ ነበር። ጉዳት የሚጀምርበትን ለማወቅ እስኪጎዳ ድረስ መምታት አለብህ፤ ፈቃደኛ ወታደርን ግን እስኪጎዳ መምታት አይቻልም፤ መሞከርም የለበትም።

መፍትሔው ጥያቄውን ለሁለት መክፈል ነበር። የመጀመሪያው ወንበሩ ላይ ያለው ምት ወደ ወገብ አጥንት ሲደርስ ምን ያህል ይሆናል የሚለው ነው። ለዚህ በጎማም በሰንሰለትም ከሚሄዱ ተሽከርካሪዎች በእውነተኛ ጉዞ የምት ቅጂ ተሰበሰበ፤ በፎርት ረከር ባለው፣ በበርካታ አቅጣጫ በሚንቀሳቀስ የሃይድሮሊክ ወንበር ላይም ፈቃደኛ ወታደሮች በሕክምና ክትትል ሥር ደኅንነቱ በተጠበቀ መጠን ተፈተኑ። ትናንሽ ዳሳሾች በጀርባ ቆዳቸው ላይ፣ በአከርካሪው ጉብታ ትይዩ ተለጠፉ፤ የጡንቻ እንቅስቃሴና የሆድ ውስጥ ግፊትም ተመዘገበ። ሁለተኛው ጥያቄ የወገብ አጥንት ምን ያህል ጫና ይችላል የሚለው ነው። ይህ ደግሞ ከሞቱ ሰዎች በተወሰዱ የአከርካሪ ክፍሎች ላይ በላቦራቶሪ ከተሠሩ የመጨመቅ ፈተናዎች ተገኘ።

ከወታደሮቹ ፈተና የወጣው ውጤት ገላን በአንድ ሞላ የሚመስለውን አሮጌ ስሌት የሚፈታተን ነበር። ቀላል ሞላ ምቱ እጥፍ ሲሆን ምላሹም እጥፍ ይሆናል። የሰው ወገብ ግን ወደ ላይ በሚመጣ ጠንካራ ምት ከዚያ በላይ ይመልሳል፤ ወደ ታችና ወደ ላይ ያለው ምላሽም አይመሳሰልም። ስለዚህ ወደ ፊትና ወደ ጎን ላለው እንቅስቃሴ ቀላሉ ሞላ ቢበቃም፣ ለቁሙ አቅጣጫ ከቅጂዎቹ እየተማረ የሚያሰላ ኒውራል ኔትወርክ ሠሩ። ዛሬ ይህ ቃል በየጋዜጣው አለ፤ በ1990ዎቹ በጤና መለኪያ ውስጥ ማስገባት ግን ድፍረት ይጠይቅ ነበር። ድፍረቱ ዋጋም ነበረው፤ ወደዚያ እመለሳለሁ።

ስድስተኛ ርቢ

በ2004 አይ ኤስ ኦ 2631 ክፍል 5 ሆኖ የታተመው ስሌት እንዲህ ይሠራል። የወንበሩ ቅጂ ወደ ወገብ ሽምጠት ይለወጣል። በቁሙ አቅጣጫ አከርካሪውን የሚጨምቁት ጫፎች ብቻ ይቆጠራሉ፤ ሌሎቹ ይተዋሉ። እያንዳንዱ ጫፍ በስድስተኛ ርቢ ይሰላል፣ ይደመራል፣ የድምሩ ስድስተኛ ዘር ይወጣል። ይህ በ0.032 ሲባዛ በወገብ ላይ የሚያርፈው ጫና ሜጋፓስካል በተባለው የግፊት መለኪያ ይገኛል። ስድስት የሆነበት ምክንያት ከአጥንት ድካም ፈተናዎች የተነሣ ነው።

ርቢው ምን እንደሚለውጥ ለማየት አንድ ምሳሌ እንሥራ፤ ቁጥሮቹ ለማስረዳት የተመረጡ ናቸው። በ20 ዓመቱ ሥራ የጀመረ ነጂ በዓመት 60 ቀን፣ ለ20 ዓመት ይነዳል እንበል። በእያንዳንዱ ቀን ወገቡ 15 ሜትር በሰከንድ ካሬ የደረሱ 100 ጫፎች ይቀበላል። የአጥንቱ ጥንካሬ በደረጃው ቀመር መሠረት ከ6.75 ሜጋፓስካል ላይ በየዕድሜ ዓመቱ 0.066 እየተቀነሰ ይሰላል፤ በ20 ዓመቱ 5.43፣ በ40 ዓመቱ 4.11 ነው። በመቀመጥ ብቻ ያለው ጫና 0.25 ከጥንካሬው ተቀንሶ፣ የየዓመቱ ጫና ለቀሪው ጥንካሬ ተካፍሎ ሁሉም ዓመት በስድስተኛ ርቢ ሲደመር የአደጋው ቁጥር 0.77 ይሆናል። ደረጃው ከ0.8 በታች የጉዳት ዕድሉ ዝቅተኛ፣ ከ1.2 በላይ ደግሞ ከፍተኛ ነው ይላል። ነጂው በደኅናው በኩል ነው።

አሁን በእያንዳንዱ ቀን ላይ 40 ሜትር በሰከንድ ካሬ የደረሰ አንድ ጫፍ ብቻ እንጨምር። ቁጥሩ 0.99 ይሆናል። በዚያ ፋንታ ከባዱን ምት ትተን የሥራ ቀኖቹን ከ60 ወደ 120 ብናሳድግ 0.86 ይሆናል። ማለትም አንዲት መጥፎ ምት በየቀኑ ከመቀበል ይልቅ የሥራውን ቀን እጥፍ ማድረግ ለወገቡ ይሻለዋል። ከባዶቹ ምቶች በቀን አምስት ከሆኑ ቁጥሩ 1.26 ደርሶ ከፍተኛው ክልል ውስጥ ይገባል።

እነዚሁን ምቶች፣ ቅርጻቸው አንድ ነው ብለን፣ በአሮጌው መለኪያ ብናያቸውስ? የአንዲቱ ከባድ ምት መጨመር በካሬ አማካይ ስሌት ውጤቱን ያሳደገው በ3.5 በመቶ ብቻ ነው፤ በአራተኛ ርቢ 11 በመቶ፣ በስድስተኛው 29 በመቶ ነው። 3.5 በመቶ በማንኛውም የመስክ ልኬት ውስጥ ከስሕተት ክልል በታች ይውላል። ሪፖርት ላይ አይታይም፤ ገምጋሚውም አያነሣውም። ይህንን ስሌት በሠራሁ ቁጥር የሚያሳስበኝ በአማካይ ብቻ ተለክተው ደኅና ናቸው የተባሉ ወንበሮች ብዛት ነው።

የቁጥሩ ትርጉም ለሥራም ጠቃሚ ነው። አደጋው በጥቂት ምቶች ውስጥ ስለሆነ መከላከያውም ለእነዚያ ጥቂቶች መዘጋጀት አለበት። ነጂው ቦይ ከመድረሱ በፊት ፍጥነት ቢቀንስ፣ ትራሱ ከብረቱ እንዳይጋጭ ቢደረግ የሚገኘው ጥቅም የሥራ ሰዓትን በማሳጠር ከሚገኘው እጅግ ይበልጣል። ሰዓቱ በግማሽ ቢቀነስ ጫናው የሚቀንሰው 11 በመቶ ያህል ነው።

ስሌቱ የሚያበቃበት ቦታ

ኒውራል ኔትወርክ የተማረውን እንጂ ያላየውን አያውቅም። ወታደሮቹ የተፈተኑት ደኅንነታቸው በሚጠበቅበት ክልል ስለነበረ ስሌቱም የሚያገለግለው በወንበሩ ላይ ከ20 ወደ ታች እስከ 40 ወደ ላይ ሜትር በሰከንድ ካሬ ላሉ ንባቦች ብቻ ነው፤ ደረጃው ራሱ ይህን ጽፏል። ከዚያ በላይ ያለው ምት ወደ ስሌቱ ቢገባ ማሽኑ ቁጥር ይሰጣል፤ ቁጥሩ ግን መሠረት የለውም። የሚያሳዝነው ከሁሉ በላይ መልስ የሚያስፈልጋቸው ቅጂዎች በአብዛኛው ከክልሉ ውጪ ያሉት መሆናቸው ነው። በማዕበል ላይ የሚዘሉ ፈጣን ጀልባዎች ተሳፋሪዎች የሚቀበሉት ምት ከዚህ ያልፋል።

ሌላም ነበረ። ስሌቱ ሰውየው ቀጥ ብሎ፣ ጀርባውን ሳያስደግፍ ተቀምጧል ብሎ ይነሣል። ብረት ለበስ ውስጥ ያለ ወታደር ግን በጠባብ ቦታ ጎብጦ፣ ጥይት መከላከያ ለብሶ፣ አንገቱን አዙሮ ይቀመጣል። የጎበጠ ወገብ ጫናውን በሽፋኑ ላይ እኩል አያከፋፍልም። የትጥቁ ክብደትም ከወገብ በላይ ያለ ሸክም ነው። በአንጻሩ በቀላል ምት ቀኑን ሙሉ በሚንቀጠቀጡ ማሽኖች ላይ ስሌቱ አሳንሶ ይገምት ነበር። በመሬት ውስጥ ማዕድን ማውጫ በሚሠሩ ጫኝ ተሽከርካሪዎች ላይ ሁለቱ ክፍሎች በአንድነት ሲሞከሩ ክፍል 1 አስጠንቅቆ ክፍል 5 አደጋው ዝቅተኛ ነው ያለበት አጋጣሚ ታትሟል። ሁለት ደረጃዎች፣ አንድ ወንበር፣ ሁለት ተቃራኒ ፍርድ። የጤና ባለሙያው ነጂውን ምን ይበለው?

በእኔ አመለካከት እንዲህ ያለ ጊዜ አስጠንቃቂውን መያዝ ይገባል። ክፍል 5 የሚቆጥረው የአጥንት ድካምን ብቻ ነው፤ ጡንቻን፣ ጅማትን፣ በረጅም መቀመጥ የሚደክመውን ዲስክ አይቆጥርም። ዝቅተኛ ነው ማለቱ በአንድ የጉዳት መንገድ በኩል ነው፤ ሌሎቹን መንገዶች አልመረመረም።

የ2018ቱ እትም 2004ቱን ሽሮ ጉዳዩን ለሁለት ከፈለው። ለከባድ ሁኔታዎች፣ ማለትም ለጦር ተሽከርካሪዎችና ለፈጣን ጀልባዎች፣ አንድ ስሌት አለ፤ ለቀላሎቹ፣ ሰውየው ከወንበሩ ለማይለይባቸው ሁኔታዎች፣ የነጂውን አቀማመጥና የገላውን መጠን የሚያስገባ ሌላ ስሌት አለ። መለያው ግልጽ ነው፤ ተቀማጩ ከትራሱ ይነሣል ወይስ አይነሣም?

ስለዚህ ዛሬ ተመሳሳይ ግምገማ የሚሠራ ሰው ከማንኛውም ስሌት በፊት ጥሬውን ቅጂ በዓይኑ ማየት አለበት። ወደ ታች ያለው ንባብ 9.81 አካባቢ ደርሶ ጠፍጣፋ ሆኖ ከቆየና ወዲያው ቀጥ ያለ ጫፍ ከተከተለ፣ ሰውየው ተነሥቶ ተመልሶ ወድቋል። ቅጂው ተጣርቶና በየደቂቃው አማካይ ተወስዶ ብቻ ከተቀመጠ ይህን ማየት አይቻልም፤ ጥሬው መረጃ መጥፋት የለበትም። በቀኑ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደዚህ እንደሆነ ይቆጠራል፤ በየትኛው ቦታና ፍጥነት እንደሆነም ከጉዞው መዝገብ ጋር ይመሳከራል። ጫፎቹ ከተፈተነው ክልል ካለፉ ሪፖርቱ ላይ የአደጋ ቁጥር አይጻፍም፤ ከክልል ውጪ መሆናቸው ይጻፍና ወንበሩ ወይም ፍጥነቱ ተስተካክሎ ልኬቱ ይደገማል።